መቶ ሰማንያ ሦስት ቀን

እኔ ቀናተኛ ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። የምሠራው ግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ አራተኛው መስኮት ላይ ተቀምጬ የውጭ አገር ሰዎችን አስተናግዳለሁ። ከመስኮቴ ማዶ፣ ዛፍ ሥር፣ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ቆሟል። ባለቤቶቹ አገር ላገር የሚዞሩ ጡረተኛ ባልና ሚስት ናቸው። ቤታቸውን ይዘው ስለሚዞሩ ቢሯችን ውስጥ ስማቸው «ቀንድ አውጣዎቹ» ነው።

ባልየው ጠዋት ጠዋት ሚስቱን የሚታጠፍ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፀጉሯን ያበጥርላታል። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዶሴዋ ላይ አይቻለሁ። እኔ አርባ አንድ ነኝ፤ ፀጉሬን ያበጠረልኝ ወንድ የለም። ባሌ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ «ነገ እደርሳለሁ» ካለ ከሦስት ቀን በኋላ ጠብቁት። ያቺን ማበጠሪያ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያራል።

አርብ ዕለት ወደ መስኮቴ መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ እዚህ ነዋሪ ሆነናል ወይስ አልሆንንም? በሕጋችን በዓመት ውስጥ ከመቶ ሰማንያ ሦስት ቀን በላይ የቆየ የውጭ ሰው ነዋሪ ይባላል። ነዋሪ ከተባለ ደግሞ ከአገሩ በሚመጣለት ጡረታ ላይ ሳይቀር እዚህ ግብር ይከፍላል።

«እኛ ስንቆጥር መቶ ሰማንያ አንድ ነው። ነገ እንወጣለን» አለ ባልየው።

«የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀንም ይቆጠራል» አልኩና ፓስፖርታቸውን ገለጥኩ። አምስት ጊዜ ገብተዋል፣ አራት ጊዜ ወጥተዋል። ዘጠኝ ቀን ጨመርኩ። «መቶ ዘጠና። ነዋሪ ናችሁ።»

የሰውየው ወሽመጥ ሲቆረጥ በዓይኔ አየሁ። «እንግዲያው መኪናውን መሸጣችን ነው» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። እሷ ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና እጁን ያዘችው። በዚህም ቀናሁ።

ስለ ምርኩዙ ግን የማውቀው ነገር ነበረ። ሴትየዋ ዳሌዋ ተሰብሮ ሃያ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች፤ ወረቀቱ ዶሴው ውስጥ አለ። ሕጉ ደግሞ ታሞ ከአገር መውጣት ላልቻለ ሰው የተኛበትን ቀን ይቀንስለታል፤ ለአስታማሚውም እንደዚሁ። ግን ማመልከት አለባቸው፣ እነሱ ደግሞ አንቀጹ መኖሩን አያውቁም። አለቃዬ «ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ» ይለኛል። የአለቃዬን ትእዛዝ የማከብረው ሲመቸኝ ነው፤ ያን ቀን ተመቸኝ። «ውሳኔው ሰኞ በጽሑፍ ይደርሳችኋል» ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሸኘኋቸው። መኪናው ተሽጦ ጠባብ ክፍል ሲከራዩ ደግሞ ማበጠሪያውን እናየዋለን፣ አልኩ በሆዴ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሌ መጣ። ኩሽናዬ በር ጀርባ ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቅያለሁ፤ እሱ ቤት የዋለበትን ቀን ሁሉ በእርሳስ እከባለሁ። እሱ እስኪደርስ የዓመቱን ክቦች በመሥሪያ ቤቴ ደንብ፣ የመጣበትንም የሄደበትንም ጨምሬ ቆጥሬ ነበር። ገና በሩን ሳይዘጋ ተቀበልኩት።

«ቀንድ አውጣዎቹ በሰው አገር መቶ ዘጠና ቀን ኖረዋል። አንተ በገዛ ቤትህ መቶ አስራ ስምንት። በእኔ ሕግ እንግዳ ነህ!»

«ኧረ ባክሽ! ጫማዬን እንኳ ላውልቅ።»

«ምን ያደርግልሃል? መልሰህ ለምታጠልቀው። ሌላውን ቀን የት ነው የምታድረው? የማንን ፀጉር ነው የምታበጥረው?»

የምን ፀጉር እንደሆነ አልገባውም። ሄዶ የቀን መቁጠሪያውን ወደ ኋላ ገለጠና ባዶ ረድፎች ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«እነዚህን አስራ ዘጠኝ ቀናት ለምን አልከበብሻቸውም?»

«ሆስፒታል ተኝቼ ነበራ! ማን ይክበብ?» ከአራት ወር በፊት የሐሞት ጠጠር በቀዶ ሕክምና አውጥተውልኝ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። «ማታ ማታ እዚህ ታድር የነበርክ አንተ ራስህ አትከብም?»

«እዚህ አላደርኩም።»

ደሜ ፈላ። «የት አደርክ?»

«መኪናው ውስጥ። ሆስፒታሉ አጥር ጥግ አቁሜው። ከዚያ የክፍልሽ መስኮት ይታያል።»

«አስራ ዘጠኙንም ቀን?»

«አንቺ የሌለሽበት ቤት ምን ይሠራልኛል?»

ያኔ በየጠዋቱ የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ አልጋዬ አጠገብ ሲቀመጥ፣ «እኔ ከሌለሁ ሸሚዝ መተኮስ እንኳ ያቅተዋል» ብዬ ለነርሷ አምቼዋለሁ። እርሳሴን አንስቼ አስራ ዘጠኙን ከበብኩ። መቶ ሠላሳ ሰባት ሆነ። አሁንም እንደማይሞላ ነገርኩት።

«ነገ ጠዋትም ጭነት አለብኝ» አለ እያፈረ። እሑድ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ቀን ብዬ ከበብኩለት።

ሰኞ ጠዋት የማመልከቻ ቅጹን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። የመኪናው መስታወት ላይ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሴትየዋ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ባልየው ከኋላዋ ማበጠሪያውን ይዟል።

«ይህን ፈርሙ» አልኳቸው። «የሆስፒታሉ ሃያ ሦስት ቀን ይቀነስላችኋል። ዛሬ መቶ ሰባኛ ቀናችሁ ነው፤ አስራ ሦስት ቀን ቀርቷችኋል። ከዚያ በፊት ውጡ። ያቺንም ወረቀት ንቀሏት።»

ባልየው ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። «አርብ ዕለት ለምን አልነገሩንም?»

«አርብ ቀንቼ ነበር።»

«በምን?»

«በማበጠሪያው።»

ባልየው የያዘውን ማበጠሪያ አየ፤ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ባል የለሽም እንዴ፣ ልጄ?»

«አለኝ» አልኳት። «ነዋሪ አይደለም እንጂ።»