የደመኛን ልጅ መመዘን

አመተ ማርያምን ድሮም የሚያማክራት አልነበረም፤ ዘንድሮማ እንደ ቤት ምሰሶ ተደግፈዋት ያወራሉ እንጂ ለሷ የሚነግራት ጠፋ። «ፊደል አልቆጠረች፣ ምን ይገባታል» ነው ነገሩ። ፊደል ባትቆጥር ሰው ትቆጥራለች! ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን ደም እንደተቃባ፣ ከእስቴ እስከ ስማዳ እሷን መጠየቅ ነው። ይህን እያወቀች የገዛ ልጇ ውባለም ትልቁን ነገር ደብቃት ኖሯል። የሰማችው ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ከጎረቤት ሴት አፍ ነው።

ውባለም መካነ ኢየሱስ ከተማ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ታስተምራለች። አሁን ደግሞ መዛኝ ልትሆን ነው፤ ሙያ የተማረውን ሰው ሲሠራ አይታ «ብቁ ነህ» ወይም «ገና ነህ» የምትል። ሥልጠናውን ጨርሳለች። የቀራት ከደብረ ታቦር የመጣ ነባር መዛኝ እያያት አንድ ሰው መመዘን ነው፤ እሱ ካመነባት ፈቃዱን ታገኛለች። እስከዚህ ደግ። የሚመዘነው ግን በላይነህ ነው፤ የካሣሁን ልጅ። ካሣሁን ደግሞ በእርሻ ድንበር ጠብ የውባለምን አባት የገደለ ሰው ነው።

እርቅ ወርዷል፣ አዎ። ካሣሁን እስሩን ጨርሶ ሲወጣ ድንጋይ ተሸክሞ ከአመተ ማርያም እግር ሥር ወድቋል፤ ካህናቱም መስቀል ይዘው ሁለቱን ቤት አስምለዋል። እሷም «ይቅር ለእግዜር» ብላለች። ግን የተጠገነ እንስራ ውሃ ይይዛል እንጂ ምት አይችልም።

ጠዋት ልጇን በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ሌላ ሰው ስጡኝ አትያቸውም ነበር?»

«ዘመድሽ ነው ወይ አሉኝ፤ አይደለም አልኳቸው።»

«ደመኛሽስ ነው ወይ አላሉሽም?»

«እሱን አልጠየቁኝም፣ እማ።»

«ድንቄም የተማሩ! ዘመድ ጠይቀው ደመኛ ይተዋሉ?»

«እኔ ብተወው ደግሞ ቂም ይዛለች ይላሉ። ታርቀን የለም እንዴ?»

«እንግዲያው አሳልፊውና እንረፍ!»

«ከቻለ ያልፋል» አለችና የሥራ ካፖርቷን በክንዷ ይዛ ወረደች።

አመተ ማርያም ቤት መቀመጥ አልሆነላትም። ከዘራዋን አንስታ ተከተለች። ቀኑ ገበያ ነበር። ከገበያው ዳር ካለው ጠላ ቤት ደጅ የካሣሁን ወንድሞች ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ብድግ ብለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ከዘራዋን ጨብጣ አለፈቻቸው። እነዚህ ሰዎች ለሷ እንዲህ ጎንበስ ብለው አያውቁም።

ከማሠልጠኛው ግቢ ስትደርስ ካሣሁን ከባሕር ዛፉ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሌላ መቀመጫ የለም።

«እንዴት አደሩ፣ እመይቴ» አለና ተነሣላት።

«ደህና። ራቅ በል፤ ጥላው ለሁለት ይበቃል» አለችና ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች።

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ይታያል። በላይነህ መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ይዘረጋል፤ ውባለም ቆማ ታየዋለች፤ ነባሩ መዛኝ ጥግ ይዞ ሁለቱንም ያያል።

«ቀልጣፋ ነው ልጄ» አለ ካሣሁን።

«ቀልጣፋስ አንተም ነበርህ።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። እሱ በትሩን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እኔ ይገባኛል፤ ይናገሩኝ። ወንድሞቼ ናቸው ያስቸገሩኝ። ልጁ ከወደቀ የአባቷን ደም በፈተና ተበቀለች ሊሉ ነው። ጠዋት ሲማከሩ ሰምቻለሁ» አላት።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

ዝም አለ። ይኸ ሰው ያኔም እንዲህ ዝም ብሎ ነበር፤ ዝም ብሎ ሰንብቶ ነው ባሏን የመታው። ልጇን እጇን ጎትታ ይዛት ብትወጣ ወደደች፤ ግን በየት በኩል? ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ በገበያው ነው የሚያልፈው።

አምፖሉ ቦግ አለ። «ተመስገን!» አለች ሳታስበው። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ውባለም ግን በጣቷ ግድግዳውን አሳየችና፣

«አሁን ይህን ማብሪያ ማጥፊያ ፈተህ በአዲስ ቀይርልኝ» አለችው።

ወዲያው ጩኸት ተሰማ።

«ተው! እጅህን አንሳ!»

የልጇ ድምፅ ነው። አመተ ማርያም ከወንበሩ ተንሸራታ መሬት ያዘች። ስለት የተመዘዘ፣ ደም የፈሰሰ መሰላት። ቀና ስትል በላይነህ ካቻቢቴውን እንደያዘ አመድ መስሎ ቆሟል። ውባለም ሮጣ ኃይሉን አጥፍታለች።

«መብራቱን ከቆጣሪው ሳታጠፋ ልትፈታው ነበር» አለችው። «ነክተኸው ቢሆን ሬሳህን ነበር የምናነሣው። ለዛሬ ብቁ አይደለህም፣ በላይነህ። ተለማምደህ ተመለስ።»

ነባሩ መዛኝ ተነሥቶ እጇን ጨበጣት። «እኔም ብሆን እዚሁ ላይ ነበር የማስቆመው። ከዛሬ ጀምሮ መዛኝ ነሽ» አላት።

ፈቃዱ ተገኘ። የእናቷ ዓይን ግን ካሣሁን ላይ ነበር።

«መብራቱ በርቶ የለም እንዴ?» አለ ካሣሁን፣ በሩ ላይ ቆሞ።

«አባባ፣ ተሳስቻለሁ» አለ በላይነህ አንገቱን ደፍቶ። «ቸኮልኩ። እሷ ባትጮህ አልቆልኝ ነበር።»

ካሣሁን ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ በትሩን አንሥቶ ወደ ጓሮው በር ዞረ። «እኔ በዚህ በኩል በማሳው ልውጣ። ለወንድሞቼ ማታ አስረዳቸዋለሁ።»

ማታ! እስከ ማታ ወሬው ገበያውን ዞሮ ይጨርሳል። ልጇ ደግሞ በዚያ ጠላ ቤት ደጅ ልታልፍ ነው፤ ብቻዋን። አመተ ማርያም ሄዳ ከዘራዋን የጓሮው በር ላይ ጋረደችበት።

«ወዴት ነው የምትሸሸው? አንተም ፈርተሃል፤ እኔም ፈርቻለሁ፤ ፍርሃትህን ይዘህ በገበያው ነው የምታልፍ! ከልጄ ፊት ፊት ትሄዳለህ። ከጠላ ቤቱ ደጅ ስትደርስ ትቆምና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በገዛ አፍህ ‹ልጄ ነው የተሳሳተ፤ ይቺ ልጅ ከሞት አወጣችልኝ› ትላቸዋለህ። ሹክሹክታ አልፈልግም፤ ጮክ ብለህ! ከዚያ እስከ ቤቴ ደጅ ታደርሳታለህ። በል ቅደም፣ ካሣሁን።»