ለሽምግልና የተጠራው ዶክተር

ዶክተር ባምላኩ ዕድሜውን የፈጀው የሰው ጠባይና የአእምሮ ሕመም ምን ያህሉ በዘር እንደሚወረስ ሲያጠና ነው። በዚያ ላይ ነገረ መለኮት ተምሮ ተመረቀ። ምን ዋጋ አለው! ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «አባ» እያሉ ያሾፉበታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «ሰውዬው ያምናል ወይስ አያምንም?» እያሉ ያሙታል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን አረጀ። ስልኩ እንኳ የሚጮኸው ተማሪ ውጤት ሲጠይቅ ነው።

እናም ጎረቤቱ ሰርኬ «ለልጄ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» ስትለው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ልጇ ፍቅረማርያም የሚወዳት ናዝራዊት ቤቷ ቤቴል ነው። አባቷ አቶ ገብረወልድ ግን የልጁ አባት አእምሮውን ታሞ እንደሞተ ሰምተው አንዴ እምቢ ብለዋል። የዛሬው የመጨረሻው ልመና ነው።

ባምላኩና ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አቶ ገብረወልድ ቤት ገብተው እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ለመኑ።

«የአባት ዕዳ ለልጅ ነው» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ልጄን እያየሁ እሳት ውስጥ አልከትም።»

የባምላኩ ተራ ደረሰ። እንዲህ ካለ አባት የሚወለዱት አብዛኞቹ ጤነኛ ሆነው እንደሚኖሩ አስረዳ። እግዚአብሔርም በማንም ላይ ገና ሳይወለድ እንደማይፈርድ አከለ። አቤት አነጋገሩ! አቶ ገብረወልድ ግን ወይ ፍንክች።

«ይሄን ለተማሪ ይንገሩ። እርስዎ ቢሆኑ ልጅዎን ይሰጡ ነበር?»

«ልጅ የለኝም።»

«ሚስትስ?»

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። ግን ሰርኬ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች መሆኗ ትዝ አለው።

«እናቴ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው» አለ። «ትምህርቴን እንደጨረስኩ አንዲት የኮልፌ ልጅ እወድ ነበር። ሽማግሌ ልላክ ልላክ እያልኩ ፈራሁ። እኔም እታመማለሁ፣ ልጄም ይታመማል ብዬ። ይኸው ስልሳ አለፈኝ፤ ደህና ነኝ። አሁን የነገርኳችሁን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ለራሴ ሲሆን ግን አላመንኩትም።»

የአቶ ገብረወልድ ዓይን የባምላኩ የተጨማደደ ኮሌታ ላይ ቆየ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። እንዲህ ያለው ብቸኝነት በማንም ልጅ አይድረስ።»

ጓዳው በእልልታ ቀለጠ። ባምላኩ ደስ አለው፤ ደግሞም አፈረ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሊሰናበት ሲነሳ፣ አቶ ገብረወልድ ወደ ጓዳ ተጣሩ።

«ለዶክተሩ የነገ ምሳ ቋጥሩላቸው! ቤታቸው ማንም የለም።»

እምቢ ሊል ነበር፤ አልቻለም። ፌስታሉን በሁለት እጁ ተቀበለ።