ዘጠነኛው ችካል

«ቁጭ በይ እንጂ ዘቢደር፤ ደግሞ ወዴት ነው?»

ሙሉጌጥ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ መልሳ ፍራሹ ላይ አስቀመጠቻት። ከጠዋት ጀምሮ ይኼ አራተኛዋ ነው። ልጇ ሒሩት ትናንት ተቀብራ፣ ሰልስት ሳይወጣ እናት ከድንኳን ወጥታ አትንከራተትም፤ ያውም ዳገት ልትወጣ። ሙሉጌጥ ደግሞ የሃያ ዓመት ጎረቤት ናት፤ ለቅሶ መጠበቅ ታውቅበታለች። ሲጠማሽ ውኃ ትሰጥሻለች፣ ስታለቅሺ አብራሽ ታለቅሳለች፣ ልነሳ ስትዪ ግን ነጠላሽን አትለቅም።

«ጓሮ ደርሼ ልምጣ።»

«ሽንት ቤት ከሆነ እወስድሻለሁ።»

«አይ… በቃ ተዪው።»

የድንኳኑ መጋረጃ በነፋስ በተነሳ ቁጥር ከቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት ይታያታል። በባሕር ዛፉ መሀል አናታቸው ቀይ የተቀባ የብረት ችካሎች ቆመዋል፤ ሠላሳ ሁለት ናቸው። የቸከለቻቸው ሒሩት ናት። ዳገቱ ወደ ታች ይንሸራተት እንደሆነ ለማወቅ በየወሩ ከላይ ካለው ቋጥኝ ተነስታ እስከ እያንዳንዱ ችካል በሜትር ትለካ ነበር። የዶክትሬት ትምህርቷ ይኼው ነው። ዘቢደር ሠላሳ አንዱን አታያቸውም። ዓይኗ ዘጠነኛው ላይ ነው።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ንፍሮ እየቃሙ ይንሾካሾካሉ።

«ስድስት ዓመት ተምራ ነው አሉ ሳትጨርስ የቀረችው።»

«መጨረሻው ላይ ደርሳ ቁጥር ተሳስታ መለሷት ይባላል።»

«ምነው ቀድማ ባል ብታገባ። ዕድሜዋን ለአፈር…»

«ዝም በይ፣ እናትየዋ ትሰማለች።»

እናትየዋ ሰምታለች። የባሉን ነገር ዋጠችው፤ «ቁጥር ተሳስታ» ያሉትን ግን መዋጥ አቃታት።

ትናንት ቀብር ላይ የዕድሩ ዳኛ ጎበና መነጽሩን አድርጎ የሕይወት ታሪኳን አንብቦ ነበር። በሲቪል ምህንድስና በማዕረግ ተመርቃ፣ አራት ዓመት በመንገድ ሥራ የሳይት መሐንዲስ ሆና፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ፣ እያስተማረች ለሦስተኛው ስትደክም… ሁሉም ልክ ነው። ለምን አፈር ላይ እንደቀረች ግን ወረቀቱ አይናገርም።

መንገድ ሥራ ላይ ሳለች፣ ከመንገዱ በላይ የተቆረጠ ገደል ነበር። ሒሩት አይታው ይይዛል አለች፤ ፈረመች። ሐምሌ ላይ ተናደና የአንድ ገበሬ ሁለት በቅሎዎች ቀበረ። ዝናብ በዝቶ ነው ሊባል ሁሉም ተስማምቶ ሳለ፣ ስብሰባው መሀል ተነስታ «ይይዛል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» አለች።

ዘቢደር ይኼን ስትሰማ ተቆጥታ ነበር። «ማን ጠየቀሽና ነው?»

«ማንም አልጠየቀኝም እማ። በቅሎዎቹ ግን ሞተዋል።»

ከዚያ ሥራውን ለቃ አፈር ልትማር ገባች።

ከሰዓት በኋላ ምሥጋና መጣ። ከሒሩት ጋር አብሮ የሚማር፣ ችካሉ ሲቸከል ዘቢደር ቤት ሽሮ ያልበላበት ሳምንት የሌለ ቀጭን ሰው ነው። አልቅሶ ሲያበቃ አጠገቧ ተቀመጠና ዝናብ ያሳበጠውን የሒሩትን ደብተር ከቦርሳው አወጣ።

«እማማ፣ ፕሮፌሰሩ ሥራዋን ጨርሰን በስሟ እንድናስገባው ፈቅደዋል። የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።»

«አንድ ነገር ብቻ አልፈታ አለኝ። ዘጠኝ ቁጥር። ሌሎቹ ጥፍር ታህል አልተነቃነቁም፤ እሷ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ ሰሞን፣ በአንድ ጊዜ ሰማንያ አራት ሳንቲ ሜትር ወረደች። ከዚያ ወዲህ ቆማለች። ፕሮፌሰሩ ጣይው ብለዋት ነበር። ‹ስላልወደድኩት ቁጥር አልጥልም፣ ልኬቴ ልክ ነው› ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉንም እንደገና ለካች።»

«አሁንስ?»

«ካስገባነው ዳገቱ እየወረደ ነው ማለት ነው፤ ከሥር ያሉት ሰዎች ከቤታቸው ይነሱ ይባላል። ያለ ምክንያት ከጣልነው ደግሞ ተሳስታለች ብለን በእጃችን ጻፍንባት። ሰኞ መወሰን አለብኝ።»

የዘቢደር ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሙሉጌጥ ታያታለች። የሒሩት ወንድም ነአምን በር ላይ ሰው ይቀበላል። ሁለቱ ሴቶች ንፍሮውን ትተው ጆሯቸውን አቁመዋል።

«ነገ ለሰልስቱ ናልኝ» ብቻ አለችው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ከሾላ ገበያ በግ ገዝታ ነበር። ገመዱን ይዛ ጓሮ ስትደርስ ችካል ቆሞ አየች። ችካል በግ ካልታሰረበት ለምኑ ነው? አሰረችው። ሲነጋ በጉ ወዝውዞ ወዝውዞ ብረቱን ነቅሎት፣ እየጎተተ ጎመኗን ይበላል። ሒሩት ልታስተምር ወጥታለች። ዘቢደር ብረቱን ብትመልሰው ጉድጓዱ ሰፍቶ አልይዝ አላት። ወረድ ብላ ጠንካራ መሬት ፈለገችና በድንጋይ መትታ ተከለችው፤ የድሮውን ጉድጓድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነችበት። ያው እዚያው ነው፣ አለች በልቧ።

ከበዓሉ በኋላ ሒሩት ከዳገቱ ወርዳ «እማ፣ ዘጠኝ ወርዳለች» አለች፤ ራቷን አልበላችም። ዘቢደር ልትነግራት አሰበች። ልጅቷ ትረጋጋ፣ አለች። ከዚያ ክረምቱ ይውጣ። ለነፍስ አባቷ ለአባ ወልደገብርኤል ብትነግራቸው «ለእኔ ነግረሽኛል፤ አሁን ለልጅሽ ንገሪ» አሏት። ዛሬ ልነግራት ነው ብላ ስትወጣ፣ ሒሩት ዝናብ እየወረደባት ሜትሩን ትዘረጋለች። «እማ፣ ጫፉን ያዢልኝ።» ትይዝላታለች። ጫፉን ይዞ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል? ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም። ከዚያ ሒሩት ታመመች፤ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየችም። ሆስፒታል አልጋዋ ላይ «ተኚ ልጄ፣ ድካም ነው» አለቻት እንጂ ሌላ አላለቻትም።

በማግስቱ ጠዋት የካ ሚካኤል ሰልስቱ ወጥቶ ሲመለሱ ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ታጠፈ። ዘቢደር ወደ ዳገቱ። ሙሉጌጥ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ያዘች። ዘቢደር ነጠላውን ከትከሻዋ ጣለችና እጇ ላይ ትታላት ሄደች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ነአምን ተከተላት። ምሥጋናም። ሙሉጌጥም ነጠላውን አንጠልጥላ፣ እያለከለከች።

ዘቢደር የባሕር ዛፍ ቅጠሉን በእጇ ጠራረገችና ተንበረከከች። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አነሳች። ጉድጓዱ አለ።

«ችካሉ እዚህ ነበር» አለች። «በግ አስሬበት ነቀለው። እዚያ የተከልኩት እኔ ነኝ። አልነገርኳትም።»



«እማዬ፣ ዓመት ሙሉ እኮ ነው በዝናብ…» ብሎ ጀመረ ነአምን። ፊቱን ወደ ከተማው አዞረ።

ምሥጋና ከቦርሳው ሜትሩን አወጣ። የሒሩት ነው፤ ጫፉ ላይ የጠቀለለችው ቀይ ፕላስተር አሁንም አለ።

«እማማ፣ ጫፉን ይያዙልኝ።»

ዘቢደር ጫፉን የጉድጓዱ አፍ ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ምሥጋና ሜትሩን እየሳበ እስከ ዘጠነኛው ችካል ወረደ። አየ። ደብተሩን ገለጠ። ደግሞ አየ።

«ሰማንያ አራት» አለ። «ልክ ነበረች።»

«ጻፈው። በጉንም ጻፈው። የእኔንም ስም።»

ችካሉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጻፈ። ሙሉጌጥ ነጠላውን ትከሻዋ ላይ መለሰችላት፤ ጫፉን ግን በዚህ ጊዜ አልያዘችም።

«ጨርሻለሁ እማማ፤ ይልቀቁት።»

ዘቢደር አልለቀቀችም። ጣቷን ይበልጥ አጥብቃ አፈሩ ላይ ተጫነችው። ምሥጋናም ሜትሩን አልጎተተም፤ በወዲያኛው ጫፍ ይዞላት ቆመ።