የማይነቃነቅ ሞተር

ጋራዡ ውስጥ ለብርጭቆው መስገድ ብቻ ነበር የቀረው። ባለ ጋራዡ ሞተር ጠግኖ ባስረከበ ቁጥር ያስነሳውና ውኃ የሞላ ብርጭቆ ላዩ ላይ ያስቀምጣል። ውኃው ካልፈሰሰ ሥራው ተመሰከረለት ማለት ነው። በዚህ ትርኢት ስንቱ ደንበኛ አመስግኖ ወጥቷል።

እህቱ ብርጭቆውን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። የመኪና ንዝረት አጥንታ መሐንዲስ የሆነች ናት። ዛሬ ደግሞ የሰፈሩ አዋላጅ፣ እዚሁ ባስጠገኑት መኪና ተስፋ ቆርጠው መጥተዋል።

“መሪ ይዤ የሄድኩበት ስደርስ እጄ ይደነዝዛል” አሉ ጣቶቻቸውን እያሻሹ። “በደነዘዘ እጅ ሕፃን አልቀበልም። መኪናውን ልሽጠው፤ ሩቅ ያሉት እናቶችም ሌላ ሰው ይፈልጉ።”

ወንድሟ ሞተሩን አስነስቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ይኸው፤ ጠብ ያለ ነገር አለ? ሞተሩ አይነቃነቅም።”

“እሱማ አይነቃነቅም፤ አሁን የሚነቃነቁት እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ ከሞተሩ ሥር ምን አስገባህበት?” አለች እህቱ።

“የከባድ መኪና ጎማ ቆርጬ ነዋ። የፋብሪካው ጎማ ለስላሳ ነው፣ ይበጠሳል። የእኔን ሰይጣንም አይበጥሰው።”

ጥፋቱ ይኸው ነው። ነዳጅ በሆዱ እየነደደ የሚዞር ሞተር መንቀጥቀጡ አይቀርም። ለስላሳው ጎማ የተሠራው ንዝረቱን እዚያው ውጦ እንዲያስቀር ነው። እሱን አውጥቶ ድንጋይ የመሰለ ነገር መወተፍ ንዝረቱን ለመሪና ለወንበር ማውረስ ነው፤ የሚራገጥ በቅሎ ከአልጋ እግር ጋር አስሮ “በሉ በሰላም ተኙ” እንደ ማለት።

ብርጭቆውን አንስታ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ውኃው ተርገፈገፈና ፈሰሰ።

“መንገዱ ነው” አለ ወንድሟ።

“መኪናው ቆሟል፣ ጋሼ።”

እህቱ ሞተሩን አጠፋች። ቁራጮቹን አወጣች፣ ለስላሳዎቹን ገጠመች፤ ሞተሩ በራሱ ክብደት ተደላድሎ እስኪቀመጥ ጠብቃ ቡሎኖቹን አጠበቀች። ሲነሳ ሞተሩ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ወንድሟ በልማድ ብርጭቆውን ላዩ ላይ አኖረ፤ ተንሸራቶ ወደቀና ተሰበረ።

“አበላሸሽው” አለ።

“አስነሱት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?” አሉ አዋላጇ መኪናው ውስጥ ገብተው መሪውን እንደ ጨበጡ።

“ከተነሳ ቆየ፣ እትዬ።”

ወንድሟ እጁን በመስኮት አስገብቶ መሪውን ያዘ። መሪው አይንቀጠቀጥም።

“ብርጭቆውን ግን አንቺ ነሽ የምትተኪው” አለ በመጨረሻ።

አዋላጇ መስኮቱን መዝጋት ጀምረዋል። “እጅህን አውጣ ልጄ፤ የሚጠብቁኝ አሉ።”