ያልተቀመጠው ቁጥር

ሌላው ያጠፋውን ጥፋት ዝም ብላችሁ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? የሆስፒታሉ የሰርቨር ባለሙያ ዛሬ አልሸከምም ብላ ቆርጣለች፤ እግሯ ግን አንድ ቦታ አልረጋ ብሏት ሠራተኛው ለስብሰባ ከተቀመጠበት አዳራሽ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

ትናንት የሕመምተኞች ቀጠሮ የሚያዝበት ፕሮግራም በሚሠራበት፣ የጃቫ ፕሮግራሞችን በሚያስኬደው ሰርቨር ላይ የደህንነት ማሻሻያ ጫነችና አጥፍታ አስነሳችው። ሲነሳ፣ የሕመምተኞች መረጃ ወደተከማቸበት ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ የሚከፍታቸው መስመሮች ከመቶ ወደ ሃያ ወርደው ተገኙ። ቀጠሮ ቀጥ አለ፤ ሕመምተኛው እስከ ግቢው በር ተሰለፈ። አለቃዋ በሠራተኛው ሁሉ ፊት "የነካችው እሷ ናት!" ብሎ ጮኸባት፤ የስንብት ደብዳቤም አስረቀቀ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

በሰርቨሩ ላይ ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳየውን መዝገብ ስትፈትሽ ከሦስት ወር በፊት ሃያውን መቶ ያደረገው ራሱ አለቃዋ ነበር። ቁጥሩን ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ቀይሮ፣ ማዋቀሪያው ፋይል ላይ ሳያስቀምጠው ሄዷል። ሰርቨር ደግሞ ጠፍቶ ሲነሳ የሚያምነው ፋይሉን ብቻ ነው።

"እኅቴ፣ ተይው፤ በኋላ ለብቻው አናግርልሻለሁ" አላት በሩ ላይ አብሯት የቆመው የዳታቤዙ ባለሙያ።

"ለብቻው ሲሆንማ ምላሱ ማር ነው፣ ወንድሜ። እኔን ያዋረደኝ በአደባባይ ነው።"

ገብታ ከመዝገቡ ያተመችውን ወረቀት አለቃዋ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ጋሼ፣ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የእርስዎ መግቢያ ስም አለ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱ፤ ቁጥሩን ቀይሮ ሳያስቀምጥ የሄደው ማን ነው?"