የጸሐዬ ጎረቤቶች

«አትንኪው! ምንም ነገር እንዳትነኪ!» አለ ሀብተሚካኤል ገና ከበሩ ሳይገባ።

ሚስጥር ግን ኮምፒውተሩን ነክታው ነበር። «ገሱባ» የሚለውን ፎልደር ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጋዋለች፤ ሦስቴም እምቢ አላት። ከሱ በላይ ያለው «አረካ» አልከፈት አለ፤ ከሱ በታች ያለው «ዲምቱ»ም እንደዚያው። በየባለጉዳዩ አገር ስም ያስቀመጠችው የስድስት ዓመት የትየባ ሥራዋ በሙሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት ምልክት ሆኖ ተደርድሯል፤ ሲነኩት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ጠዋት አንድ ተማሪ ፍላሹን ሰክቶ ሁለት ገጽ ሲያሳትም ዝም ብላ ማየቷ ትዝ አላትና ራሷን ረገመች።

ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ሆኗል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሶዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤቱን የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከጀርባዋ ደግሞ እማማ አሳየሽ አረንጓዴውን የመሬት ደብተራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ታቅፈውት ተቀምጠዋል። ከገሱባ የተነሡት ገና ሳይነጋ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም እንሰቱንም ቡናውንም «የአባቴ ርስት ነው» ብሎ ያዘው፤ የወረዳው ፍርድ ቤትም ፈረደለት። ይግባኝ ለማስገባት የተሰጣቸው ጊዜ ዛሬ ያልቃል። ዛሬ ካልገባ ነገ «ጊዜው አልፏል» ከማለት በቀር የሚሰማቸው የለም።

ይግባኙ ትናንት ተጽፎ አልቋል። ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚያዘጋጁት ራፖር ጸሐፊው አቶ ወልደመስቀል እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተናገሩ፣ ሚስጥር ተየበች፤ ሰባት ገጽ ሆነ። ሊታተም ሲል መብራት ሄደ፣ ለዛሬ ተባለ። አቶ ወልደመስቀል ረቂቅ የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሁሉም ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ያ ጭንቅላት ደግሞ ዛሬ ለቅሶ ሊደርስ ሩቅ አገር ሄዷል፤ ስልኩም ዝግ ነው።

«ቫይረስ ነው» አለ ሀብተሚካኤል ማውሱን ተቀብሎ ትንሽ ከነካካ በኋላ። ከጎኗ ያለችው የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ የሱ ናት፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሬዲዮ ሲጠግኑባት ኖረው ያወረሱት። የዚህ መንገድ ኮምፒውተር ሁሉ በሱ እጅ ያለፈ ነው። «ፎርማት ላድርግልሽ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አዲስ ዊንዶውስ ጭኜ፣ እንደ ሙሽራ አድርጌ አስረክብሻለሁ።»

«ፋይሉስ?»

«እሱ እንግዲህ...» አለና አንገቱን አከከ።

«ልጄ» አሉ እማማ አሳየሽ። አማርኛቸውን የገበያና የቢሮ ብቻ አድርገው ስለያዙት ሴቱና ወንዱ ይደባለቅባቸዋል። «ትናንት እዚህ ውስጥ ገባች አይደል? እኔ በዓይኔ አየሁት። አሁን ወዴት ሄደ?»

ሚስጥር ስልኳን አነሣችና እስካሁን ላልደወለችለት ሰው ደወለች። ያልደወለችውም «ነግሬሽ ነበር» እንዳይላት ነው።

ባሮክ በቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ሚስጥር ከምትኖርበት ግቢ አንዱን ክፍል ተከራይቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣም፣ ልብስ ሲያሰጣም የሚያወራው በዊንዶውስ ምትክ ስለሚጫነው ስለ ሊኑክስ ብቻ ነው። ነጻ ነው፤ የዓለም ሰው ተረባርቦ የሠራው ነው፤ ውስጡን ከፍቶ ማየት አይከለከልም፤ የፍላሽ ቫይረስ አይነካውም። ግቢው ውስጥ «ሰባኪው» ይሉታል። ሚስጥርም «እኔ የምፈልገው የሚያስጽፈኝ ነገር ነው፤ ውስጡን ማየት ምን ያደርግልኛል?» እያለች ትመልሰው ነበር።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል በባጃጅ ደረሰ፤ ላብ በላብ ሆኗል። አንድ ፍላሽ ከኪሱ አወጣ።

«ነግሬ...»

«ባሮክ፣ በእመቤቴ! ዛሬ አይደለም።»

«እሺ። ያንቺን ዲስክ አልነካውም፣ እትዬ ሚስጥር። ከዚህ ከፍላሹ አስነሥቼ ላየው ብቻ ነው።»

«ያንተ ነጻ ዕቃ ምን ሊያይ?» አለ ሀብተሚካኤል። «ደኅና ነገር ቢሆን በነጻ ይሰጡሃል?»

«አንተ የምትጭነውም በነጻ የተገኘ ነው፣ ሀብቴ። ልዩነቱ ያንተ የተሰረቀ መሆኑ ነው።»

«ቢሰረቅም ይሠራል!»

«እያየነው ነው ሲሠራ።»

«ልጆች» አሉ እማማ አሳየሽ፣ «ሰዓት ስንት ነው?»

ባሮክ ፍላሹን ሰካ።

ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ። ሚስጥር የማታውቀው መልክ፣ የማታውቀው ቀለም መጣ። ባሮክ ዲስኩን ከፈተና ወንበሩን ገፋ አደረገላት። እዚያ ነበሩ! ባዶዎቹ ምልክቶች እንዳሉ ሆነው፣ ከጎናቸው «አረካ»፣ «ዲምቱ»፣ «ገሱባ»፣ ሁሉም። ቫይረሱ ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም ነበር። ሚስጥር ሳታስበው «እሰይ!» ብላ ጮኸች፤ እማማ አሳየሽም ምን እንደተገኘ ሳያውቁ «ጦሳው!» ብለው ፈጣሪያቸውን በወላይትኛ ጠሩ።

ደስታው የቆየው ፋይሉ እስኪከፈት ነው። ሰባቱም ገጽ አማርኛ አልነበረም። ነጠብጣብና ጭረት የተለጠፈባቸው የፈረንጅ ፊደላት ከላይ እስከ ታች ተዝረክርከዋል።

«ይኸው!» አለ ሀብተሚካኤል። «ነጻው ዕቃ በላው።»

«አልበላውም። የምትጽፊበት የግዕዝ ፕሮግራም የድሮ ነው፤ የራሱ ፎንት ከሌለ አይነበብም። ፎንቱ እዚያው ዲስክሽ ላይ አለ።» ባሮክ ይህን እያለ ዲስኩን መፈተሽ ጀመረ። ፈልጎ እስኪያገኘው፣ ቀድቶ እስኪያስገባው ሃያ ደቂቃ ሄደ። ሚስጥር በመስኮቱ የፍርድ ቤቱን በር ታያለች። ዘበኛው ወንበሩን ወደ ጥላ ሲያዛውር አየችና የሚዘጋ መስሏት ደነገጠች።

«አሁን ክፈቺው።»

ከፈተችው። «ክቡር ፍርድ ቤት ሆይ!» ይላል መጀመሪያው። ፊደሉ ሁሉ ቦታው ተመልሷል።

«ፊደል እንዳይዛባ አንዴ አንብቢው» አለ ባሮክ። «የዘለለ ሊኖር ይችላል።»

ሚስጥር የጻፈችውን የማንበብ ልማድ የላትም። ጊዜም የለ፣ ባለጉዳዩም አይጠይቅ። አሁን ግን ዓይኗን በየመስመሩ አስኬደች። አንደኛ ገጽ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ቆመች።

«ክርክር ያስነሣው ይዞታ በሰሜን ከአቶ ጸሐዬ፣ በደቡብ ከመኪና መንገድ...»

ጸሐዬ ማን ነው?

ወዲያው ገባት። አሠራሯ እንዲህ ነው፦ አዲስ ባለጉዳይ ሲመጣ አዲስ ገጽ አትከፍትም። የቀደመውን ባለጉዳይ ይግባኝ ትገለብጥና ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን እየቀየረች፣ አቶ ወልደመስቀል የሚሉትን እየጨመረች ትሄዳለች። እዚህ መንገድ ላይ የሚተይብ ሁሉ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ያፈጥናል። ወሰኑ ጋ ሲደርሱ አቶ ወልደመስቀል «እሱን ከደብተሩ ላይ ሙዪው» ብለው ያልፋሉ። ትናንት ከማተሟ በፊት ልትሞላው ስትል መብራት ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«እንዴት ነው? ልክ ነው?» አለ ባሮክ።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት። ማንም አላየም። ሀብተሚካኤል ስልኩን ይጎረጉራል። እማማ አሳየሽ ማንበብ አይችሉም። «ልክ ነው» ብትል ወረቀቱ በሰዓቱ ይገባል፤ ከወራት በኋላ ዳኛው ይህንን መስመር ሲያነብ ማን ሚስጥርን ያስታውሳል? የባልየው ወንድም ጠበቃ ግን ያነበዋል። «እመቤቲቱ የሚጠይቁት መሬት ሌላ ነው» ይላል፤ ያኔ እንሰቱም ቡናውም ሄደ ማለት ነው። አፈረች። እንዲህ ብላ በማሰቧም ጭምር አፈረች።

«አይደለም» አለች። ወንበሯን አዞረች። «እማማ፣ ስሕተት አለ። ኮምፒውተሩ አይደለም የተሳሳተው፣ እኔ ነኝ። የመሬትዎን ወሰን የሌላ ሰው ጽፌዋለሁ።»

«የሌላ ሰው? የማን?»

«ጸሐዬ የሚባል በሰሜን ያዋስንዎታል ይላል።»

«እኔ ጸሐዬ አላውቅ!» አሮጊቷ ተነሥተው ቆሙ። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች፤ እሳቸው ግን ደብተሩን ከነጠላው ፈትተው፣ ሳይገልጡት፣ እጃቸውን ዘርግተው መሬቱ ፊታቸው ያለ ይመስል ያመለክቱ ጀመር። «ጻፍ። በሰሜን ወንዝ ነው። በደቡብ ጦና የሚባል ጎረቤት ነው። በምሥራቅ እግር መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው። በምዕራብ ያ ሌባው፣ ያ የባሌ ወንድም። ጻፍ፣ ልጄ!»

መጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። የለመደችው የግዕዝ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የለም። ባሮክ ሌላ የአማርኛ አጻጻፍ ከፈተላት፤ ፊደሎቹ ግን ጣቷ የሚያውቃቸው ቦታ አይደሉም። ሳታይ የምትተይብ ሴትዮ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ በአንድ ጣት ትለቅም ጀመር። «ጦ»ን አጣችው። «ጠ» መጣላት፣ «ተ» መጣላት፣ «ጦ» የለም።

«ምን ዓይነት እርግማን ነው ይሄ! ሰውን ለማስጨነቅ ነው የሠሩት?»

«ትልቁን ቲ፣ ከዚያ ኦ» አለ ባሮክ ቀስ ብሎ።

የወሰኑን አምስት መስመር መቀየር አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ደብተሩን ገልጣ አንድ በአንድ አመሳከረች፤ አሮጊቷ አንድም አልሳቱም። «አትም» ስትለው ኮምፒውተሩ ፕሪንተር የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ መለሰላት። ባሮክ ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ። ምንም የለም።

«ይሄንንስ ነግረኸኝ ነበር?» አለችው።

ባሮክ አቀረቀረ። «ይሄንን አልነገርኩሽም።»

ያኔ ሀብተሚካኤል ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ስጡኝ። እኔ ጋ ይታተም።»

«ያንተ ቫይረስ...»

«በስልክ ላክልኝ፣ አንተ ሰባኪ! ፊደሉ እንዳይፈርስ ፒዲኤፍ አድርገው። ይሄን ይሄንማ አውቃለሁ።»

ሮጡ። ሰባቱ ገጽ በሦስት ቅጂ ከሀብተሚካኤል ፕሪንተር ሲወጣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እማማ አሳየሽ በየገጹ አውራ ጣታቸውን ቀለም እያስነኩ አተሙ፤ ሚስጥር ክንዳቸውን ይዛ አሻገረቻቸው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁልፏን በእጇ ይዛ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ ተቀበለቻቸው። ማህተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ሚቼ» አሉ አሮጊቷ ውጭ ሲወጡ፤ እኅቴ ማለታቸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። ደብተሩን ጠቅልለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

ሚስጥር ስትመለስ ሁለቱ ወንዶች ኮምፒውተሯን መሐል አድርገው ይከራከራሉ። ሀብተሚካኤል የራሱን ፍላሽ አዘጋጅቷል።

«ሊኑክሱ ፋይልሽን አገኘልሽ፣ አልክድም» አላት። «ነገር ግን ነገ ባለጉዳይ ተሰልፎ ‹ጦ›ን ስትፈልጊ ልትውይ ነው? ፎርማት አድርጌ፣ አንቲቫይረስ ጭኜ ልስጥሽ። ንጹሕ!»

«ለፕሪንተሩም መላ አላጣም፣ ሁለት ቀን ብቻ ስጪኝ» አለ ባሮክ። «አጻጻፉንም በሳምንት ትለምጂዋለሽ።»

ሚስጥር ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። አንድ ነገር እየቆረቆራት ነበር የተመለሰችው። የእማማ አሳየሽን ይግባኝ የገለበጠችው ከዲምቱው ከአቶ አድነው ነው፤ እንግዲያው ጸሐዬ የአቶ አድነው ጎረቤት መሆን አለበት። ለራሷ ልታረጋግጥ ብላ «ዲምቱ»ን ከፈተች። አራተኛ ገጽ። በሰሜን ከአቶ ጸሐዬ። ደኅና። ትንሽ ተነፈሰች።

የአቶ አድነውንስ ከማን ነበር የገለበጠችው? ከአረካው ከአቶ በኃይሉ። «አረካ»ን ከፈተች።

በሰሜን ከአቶ ጸሐዬ።

ሌላ ከፈተች፣ ሌላም። አረካም ጸሐዬ፣ ዲምቱም ጸሐዬ፣ ገሱባም ጸሐዬ። አንድ ሰው በወላይታ ወረዳዎች ሁሉ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። የማን እውነተኛ ጎረቤት እንደነበረ ፈጣሪ ይወቀው። እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ማህተም ተመትቶባቸው ማዶ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰዎቹም አምነዋት፣ ሳያነቡ፣ ፈርመው ሄደዋል።

«ሀብቴ» አለች፣ «ፎርማት ካደረግኸው ከዚህ ሁሉ ምንም አይቀርም?»

«አንዲት ፊደል አትቀርም። እንደ አዲስ ነው የምትጀምሪው» አለ ደስ እያለው። «ልጀምረው?»

ለአንድ አፍታ ሐሳቡን ወደደችው። እንደ አዲስ መጀመርን የማይወድ ማን አለ?

«አይ» አለች። «ተወው። ማንም እንዳይነካው።»

መሳቢያውን ስባ የባለጉዳዮቿን ስልክ የምትመዘግብበትን ደብተር አወጣች። ቅጠሎቹን ወደ ኋላ ገለጠች፣ ቁጥሩን በጣቷ ተከትላ መታች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«አቶ አድነው? ጤና ይስጥልኝ። ሚስጥር ነኝ፣ ከሶዶ፣ ይግባኝዎን የተየብኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጸሐዬ የሚባል ጎረቤት አለዎት?»