ሰኞ የሚነበብ ፍርድ

«ኑዛዜው በአራቱ ምስክሮች ፊት መነበቡ በራሱ በኑዛዜው ላይ ካልተጻፈ ፈራሽ ነው» የሚለውን መስመር እንደጨረሰች የጸሐፊዋ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀሩ።

የሰብሳቢ ዳኛውን የእጅ ጽሑፍ አጥርታ የምታነብ እሷ ብቻ ናት። ቢሆንም ተሳስቼ ይሆናል ብላ ረቂቁን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ደግማ አነበበችው። አልተሳሳተችም። ቤቷ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የአባቷ ኑዛዜ ያ ቃል የለበትም። አባቷ ቤቱን ለእሷ ሲናዘዙ አራቱም ምስክሮች አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲነበብ ሰምተዋል፤ መነበቡን ግን ማንም አልጻፈም። ኑዛዜውን የተየበችው ራሷ ነበረች። አባቷ ያሉትን ቃል በቃል ጻፈች፤ ጸሐፊ ከራሱ አይጨምርም።

አለቅስ ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ሰባት ዓመት አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን ያገላበጠችበት ክንዷ እንኳ የሌላ ሰው መሰላት።

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ በበሩ ብቅ አሉ። ባለጉዳዩን ሁሉ «ሌላ ቀን ና» ስለሚሉ «ጋሼ ቀጠሮ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል።

«የውርሱ ፍርድ አላለቀም እንዴ? ሰኞ ጠዋት ይነበባል እኮ!»

«አንድ ገጽ ቀርቶኛል ጋሼ።»

«አፈረሱት አይደል? በይ እንግዲህ፣ ሁለት ወንድማማች ተጣልተው አገሩ ሁሉ ኑዛዜውን ሲያገላብጥ ሊከርም ነው። የኛ ችሎት እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲከራከር ሌላው ይፈረድበታል።»

እውነታቸውን ነው። ይህ የመጨረሻው ችሎት ስለሆነ የሚለው ሁሉ የታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ስንቱን ጽፋለች! በአንዱ ፍርድ የማታ ዘበኞች የትርፍ ሰዓት ተከፈላቸው፤ በሌላው ያለ ጽሑፍ ውል የተከራዩ ሰዎች በአንድ ቀን ከቤት መባረር ቀረላቸው። የሕንጻው የጽዳት ሠራተኛማ በአንድ የሥራ ክርክር ፍርድ የዓመት ዕረፍት ስታገኝ፣ ፈራጇ እሷ ይመስል «እጅሽ ይባረክ» ብላታለች። ያን ጊዜ ሁሉ ነግ በኔ ብላ አታውቅም።

ስልኳ ጮኸ። ታናሽ ወንድሟ ነው። የአባታችን ኑዛዜ ይፍረስልኝ ብሎ የታች ፍርድ ቤት የከሰሳትም እሱ ነው።

«እትዬ፣ አትዝጊብኝ። የጓሮዎቹን ሁለት ክፍሎች ብቻ ስጪኝና ክሱን ልተወው። ዋናው ቤት ያንቺ ይሁን። ዛሬ ከሰዓት ብንፈራረም ክሳችንን የያዙት ዳኛ እዚያው ያጸድቁልናል ብሎኛል ጠበቃዬ።»

«ግማሹን ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ ስትል አልነበር?»

«ደከመኝ እኮ። ደግሞ ድካምሽን አላየሁም አልልም። አባባን የጦርሽው አንቺ ነሽ።»

ጸሐፊዋ ዓይኗን ወደ ረቂቁ መለሰች። ዛሬ ከፈረመች ዋናው ቤት ይተርፋታል። ሰኞ ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ግን የሁሉም ግማሽ የእሱ ነው፤ ያልተነበበ ፍርድ ደግሞ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ብትፈርም አውቃ ነው የሚላት የለም። ቤቱም ይገባታል፤ እንደሚገባት ወንድሟም አሁን በገዛ አፉ ተናግሯል።

«እትዬ? አለሽ?»

«አለሁ። ዛሬ አልፈርምም።»

«ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

«ምንም። ሰኞ ከሰዓት ጠበቃህን ይዘህ ና። ያኔም ሁለቱ ክፍሎች ይበቁኛል ካልክ እፈርማለሁ።»

«አንቺም ቀጠሮ መስጠት ጀመርሽ? ሰኞ ምን አለ?»

«ሰኞ ና አልኩህ።»

ስልኩን ዘጋች። የቀረውን ገጽ ጻፈች፣ አተመችው፣ ከረቂቁ ጋር መስመር በመስመር አመሳከረችው። ከራሷ የጨመረችው አልነበረም።